ልጄ «የጨጓራ ባክቴሪያ አለበት» ተባለ፤ ከየት ነው ቤታችን የገባው? (ድሬዳዋ)

የሦስት ልጆች እናት | ረቡዕ፣ ማታ 4:20

ሰላም ለሁላችሁም። እስከ ዛሬ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን ሁለት ቀን እንቅልፍ ስላጣሁ ነው የመጣሁት።

የመጀመሪያው ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እምብርቱ አካባቢ ይቆርጠኛል ይላል። ቁርስ እምቢ፣ ትምህርት ቤት እምቢ። ሰኞ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት። ጣቱን ወግተው ደም ወሰዱና ብዙም ሳይቆዩ ወረቀት ሰጡኝ፤ «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» ይላል። የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ብለው ሦስት ዓይነት መድኃኒት ጻፉ። ከየት መጣበት ብዬ ስጠይቅ «ከምግብ ነው» ተባልኩ፣ በቃ። ከኋላዬ ሰው ይጠብቅ ስለነበር ደግሜ መጠየቅ አፈርኩ። መድኃኒቱን ገዝቼዋለሁ፤ ግን አልጀመርኩለትም፣ እጄ አልሄድ አለኝ።

ባለቤቴ ካወቅሁት ጊዜ ጀምሮ ጨጓራ አለበት። ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ ሰዓቱን ጠብቆ አይበላም። ሲያመው ተልባ ይጠጣል፣ ሲብስበት ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል የሚባለውን አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ገዝቶ ይውጣል።

ከሁሉ በላይ የከበደኝ ሌላ ነው። የ9 ወር ሕፃን አለችኝ። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ እሳቸው ባይኖሩ ሥራ ልሄድ አልችልም፣ እንደ እናቴ ነው የማያቸው። ሕፃኗን ሲያበሉ እንጀራውን በሽሮ እያላመጡ፣ አለስልሰው ነው የሚያጎርሷት። ባለቤቴንም ያሳደጉት እንደዚያ ነው። ያቺን ወረቀት ይዤ ቤት ስገባ ልክ ሲያጎርሷት ደረስኩ። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምን ብዬ ልናገር?

የምታውቁ ንገሩኝ። ይሄ ነገር በቤት ውስጥ ይተላለፋል? መድኃኒቱን ልጀምርለት? ሁላችንም እንውሰድ?

---

የድሬ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 4:41

አብሽሪ እህቴ። ውሃው ነው። ድሬ ውስጥ ጨጓራ የማያውቀው ማን አለ? የማንቆርቆሪያሽን ታች ገልብጠሽ እዪው፣ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ተጋግሮበታል። ያ ሆድ ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል ብለሽ ነው? ለልጁ የታሸገ ውሃ ግዢለት፣ ጠዋት በባዶ ሆዱ ተልባ ስጪው። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።

---

ላብራቶሪ ነኝ | ረቡዕ፣ ማታ 5:10

ወንድሜ፣ ያ ነጭ ነገር ካልሲየም ነው። የድሬ ውሃ ከመሬት ውስጥ ስለሚወጣ የድንጋይ ማዕድን ይበዛበታል፤ ሲፈላ ደግሞ ማንቆርቆሪያው ላይ ይጋገራል። ከባክቴሪያው ጋር ዝምድና የለውም። የማንቆርቆሪያው ታች ጥርት ያለ ከተማም ሄደህ ይሄው ባክቴሪያ ሞልቷል።

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ምርመራው ልንገርሽ። በጣቱ ደም የታየው ባክቴሪያው ራሱ አይደለም፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራው ነገር ነው። ይሄ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ደም ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ያ ወረቀት «ድሮ ነበረበት» ይሁን «አሁን አለበት» አይለይም። ልጆች ላይ ደግሞ ስህተቱ ይበዛል። አሁን ያለውን ለማወቅ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ፣ ማለት የባክቴሪያውን የራሱን ቁራጭ በሰገራ ውስጥ የሚፈልገው፣ ነው የሚሻለው። በትንፋሽ የሚደረግም አለ፣ ግን እንደ ልብ አይገኝም።

አንድ ነገር ልብ በይ። ሰገራው ከመታየቱ በፊት ባሉት 4 ሳምንታት አንቲባዮቲክ፣ ባሉት 2 ሳምንታት ደግሞ ኦሜፕራዞል ከተወሰደ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። መድኃኒቱን አለመጀመርሽ ለዚህ ጠቅሞሻል። ሰገራውን ስታመጪ ለተራው ምርመራም ይታይ፤ ጃርዲያና አስካሪስ የሚባሉት የአንጀት ጥገኞች እዚህ ከተማ ስንቱን ልጅ ሆዱን እንዳሳመመው በየቀኑ በማይክሮስኮፕ የማየው ነው።

---

የልጆች ሐኪም | ሐሙስ፣ ጠዋት 1:05

እናት፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አዎ፣ በዋናነት የሚተላለፈው በቤት ውስጥ ነው። የባክቴሪያው መኖሪያ የሰው ጨጓራ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ዩሪያ የሚባል ንጥረ ነገር እየሰበረ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያው ዙሪያውን ያለውን አሲድ ያበርድለታል፤ እንዲህ አድርጎ ማንም በማይኖርበት ቦታ ይኖራል። ከአንዱ ጨጓራ ወጥቶ ሌላው ጋ የሚደርሰው በአፍ ነው፤ በትውከት፣ በምራቅ፣ በሰገራ በተነካካ እጅ ወይም ውሃ። አብዛኛው ሰው የሚያዘው ደግሞ በልጅነቱ ነው፣ ብዙዎቹ ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ። ቡታጅራ አካባቢ ከልደት ጀምሮ ክትትል ሲደረግላቸው ከነበሩ ሕፃናት ጥቂት የማይባሉት ገና በ3 ዓመታቸው ተይዘው ተገኝተዋል። በአገራችን የተሠሩት ጥናቶች በጥቅሉ ሲታዩ ከሰው ግማሽ ያህሉ አለበት። ስለዚህ ቤትዎ ከሌላው ቤት የተለየ ነውር የለበትም።

አንድ ልጅ በምን ቤት ውስጥ ይበልጥ ይያዛል? በየአገሩ ሲጠና ተደጋግሞ የሚመጣው መልስ ተመሳሳይ ነው። በአንድ ክፍል ብዙ ሰው የሚተኛበት፣ ልጆች አልጋ የሚጋሩበት፣ እናት ወይም አባት ባክቴሪያው ያለባቸው፣ ውሃ ተቀድቶ የሚቀመጥበት፣ መጸዳጃው የጋራ ሆኖ እጅ መታጠቢያ የሌለበት፣ ወላጆች ብዙ ያልተማሩበት ቤት። ታላቅ እህት ወንድምም ትልቅ ድርሻ አላቸው። በኮሎምቢያ የአንዲስ ተራራ መንደሮች በተደረገ ጥናት ትንንሾቹ ከታላላቆቻቸው እንደሚይዛቸው፣ በተለይ በመካከላቸው ያለው የዕድሜ ርቀት ሲጠብ፣ በግልጽ ታይቷል። ታናሽን የሚያዝል፣ የሚያበላ፣ አፉን የሚጠርግ ማን ነው? እዚህም ያው ታላቁ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ትውከት ነው። ቤት ውስጥ ባክቴሪያው ያለበት ሰው ሆዱ ተበላሽቶ ሲያስታውክ ከትውከቱ ጋር ብዙ ባክቴሪያ ይወጣል። የሚያስታውክ ልጅ ሲኖር ሌሎቹን ራቅ ማድረግ፣ ወለሉን በበረኪና ማጠብ፣ ከዚያ እጅን በሳሙና መታጠብ ዋጋ አለው።

ስለ ማላመጡ፦ አዎ፣ መቅረት አለበት። አላምጦ ማጉረስ ባለባቸው አገሮች ይህ ልማድ ከልጆች መያዝ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ጉርሻ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በታጠበ እጅ የተጎረሰ ምግብ በሰው አፍ ውስጥ አላለፈም። ልጆቻችንን ማጉረስ እንድናቆም የሚለን የለም።

አሁን ስለ ልጅዎ። ባክቴሪያው ያለባቸው አብዛኞቹ ልጆች ምንም አይሰማቸውም። ስለዚህ ሆዱን የሚያመው ልጅ ባክቴሪያው ስለተገኘበት ብቻ የሕመሙ ምክንያት እሱ ነው ማለት አይደለም። የልጆች የሆድ ሕክምና መመሪያዎች «መርምረህ ፖዘቲቭ ከሆነ መድኃኒት ስጥ» የሚለውን መንገድ ለልጆች አይመክሩትም፤ መፈለግ ያለበት የሕመሙ ምክንያት ነው። የሚከተሉት ካሉ ግን ፈጥነው ይምጡ፦ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ክብደት መቀነስ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ብረት እየተሰጠው የማይመለስ የደም ማነስ። የደም ማነሱንም ያስመርምሩ፤ ባክቴሪያው አንዳንድ ልጆች ላይ የሚታየው በዚያ ብቻ ነው።

ሁላችሁም አንድ ላይ መዋጥ የለባችሁም። ባለቤትዎ ግን የግድ ይመርመሩ። አዋቂ ላይ ይሄ ባክቴሪያ የጨጓራ ቁስለት ያመጣል፣ በጥቂቱም ካንሰር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል። ኦሜፕራዞል ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ባክቴሪያውን አይነቅልም።

---

ዘምዘም ከሐረር | ሐሙስ፣ ቀን 7:30

እህቴ፣ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ ያልሽውን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እኔም ያው ቦታ ቆሜ ነበር፣ ጀጎል ውስጥ፣ የገዛ እናቴ ፊት።

የኔ ስህተት ምን መሰለሽ? በበሽታ ጀመርኩ። «እማ፣ አፍሽ ውስጥ ባክቴሪያ አለ» አልኳት። ሦስት ቀን ልጁን አላቀፈችውም። «እኔ ነጃሳ ነኝ» ብላ ለጎረቤት ስትናገር ሰማኋት። ወላሂ እስካሁን ይቆጨኛል። ስድስት ልጅ አላምጣ ያሳደገች ሴት ናት፤ ሁላችንም ቆመን እንሄዳለን።

የጠቀመኝ በኋላ ያደረግኩት ነው። ለልጁ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት፣ ማንኪያና ሹካ ገዝቼ «እማ፣ ድንቹና ካሮቱ በደንብ መላሙን አንቺ እዪልኝ፣ እኔ አላውቅበትም» ብዬ ሰጠኋት። ሥራውን አልወሰድኩባትም፣ ሥራው ተቀየረ እንጂ። ዛሬ ከእኔ በላይ ለዚያ ማንኪያ ጠባቂዋ እሷ ናት፤ ሌላ ሰው ቢነካው ትቆጣለች። አማትሽም የሚፈልጉት ልጅቷ እንድትጠግብ ነው። እሱን ያዢና ግቢ።

ስለ ውሃ ደግሞ፣ እኛ ሐረሮች ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውሃ በበርሜል አጠራቅሞ መኖርን ከማንም በላይ እናውቃለን። በርሜል ውስጥ የሚገባው ኩባያ ነው ችግሩ። አስቢበት።

---

የቀፊራ ነጋዴ | ሐሙስ፣ ማታ 2:15

ሐኪሙን አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር ከበደኝ። ዘጠኝ ሆነን በአንድ ክፍል ነው ያደግነው፣ ከአንድ ትሪ ነው የበላነው። አሁን ያ ሁሉ «አጋላጭ ምክንያት» ተብሎ ሲዘረዘር እናቴ የተወቀሰች መሰለኝ። ሰው ክፍል ጠቦት፣ ቧንቧ አጥቶ እንጂ ወዶ ነው? ድሃን ንጽሕና የለህም ማለት ቀላል ነው።

---

የልጆች ሐኪም | ሐሙስ፣ ማታ 3:50

ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ ይህን ማንሳትህ ጥሩ ነው። እናትህ አልተወቀሱም።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ አንድ የለንደን ጥናት አለ። አዋቂ እንግሊዞችን ጠየቋቸው፤ ልጅ ሳለህ ቤታችሁ ስንት ሰው ነበር? ሙቅ ውሃ በቧንቧ ይመጣ ነበር? በተጨናነቀና ሙቅ ውሃ በሌለው ቤት ያደጉት ጎልማሳ ሆነውም ባክቴሪያው ይበልጥ ተገኘባቸው። አሁን የሚኖሩበት ቤት ብዙም ለውጥ አላመጣም፤ የወሰነው የልጅነት ቤታቸው ነበር። በጃፓንም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ የተወለዱት አብዛኞቹ ሲኖርባቸው የዛሬ ልጆቻቸው ዘንድ እምብዛም የለም። ጃፓናውያን ከአንድ ሳህን መብላታቸውን ስላቆሙ አይደለም። ቧንቧው ቤት ገባ፣ መጸዳጃው ተለየ፣ ክፍሉ ሰፋ፣ የልጅ ቁጥር ቀነሰ። ስለዚህ ዋናው ዕዳ የቀበሌና የከተማ ነው፤ ውሃ በየቀኑ ይምጣ፣ የጋራ መጸዳጃው በር ላይ ውሃ ይኑር። እናት በእጇ ያለውን ታደርጋለች፤ የቀረውን ከእሷ መጠበቅ ግፍ ነው።

---

የሦስት ልጆች እናት | ዓርብ፣ ማታ 5:00

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሐኪሙ የጻፉትን ሦስቴ አነበብኩት። ትናንት ማታ ሥራዬ ብዬ ቁጭ ብዬ ቤቴን አየሁት፣ እንደ እንግዳ።

በረንዳው ላይ በርሜል አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሞልተን እናስቀምጣለን። ከጠርዙ ላይ በሲባጎ የታሰረች ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ተንጠልጥላለች። ትልቁ ልጄ ከጨዋታ ሮጦ ገባ፣ ኩባያዋን ጠለቃት፣ ግማሹን ጠጣ፣ የተረፈውን መልሶ በርሜሉ ውስጥ ደፋው። የ3 ዓመቷ እህቱ ተከትላው መጥታ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ከዚያው በርሜል አማቴ ለሕፃኗ ውሃ ቀዱ። ይሄ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ስንት ዓመት ዓይኔ ሥር ሲደረግ ነበር!

መጸዳጃው የግቢው ነው፣ ስድስት ቤት እንጠቀምበታለን። በሩ አጠገብ ቧንቧ ነበረ፤ ከተሰበረ ቆይቷል። ልጆቹ ከዚያ ወጥተው ቀጥታ ወደ ምግቡ ነው። ሙቀቱ ሲጠና ውጭ ምንጣፍ እናነጥፍና ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ይተኛሉ፣ ትንሿ አፏን ደረቱ ላይ አድርጋ። ሁለቱ ትልልቆቹ ደግሞ በአንድ የጥርስ ብሩሽ ሲጠቀሙ አገኘኋቸው፤ የእሷ ጠፍቶባት ነው አሉ።

የቀፊራው ወንድሜ፣ ለናትህ ስለተቆረቆርክ አመሰግንሃለሁ። እኔ ግን ሳየው አልተሸማቀቅኩም። ቢያንስ የኩባያዋን ነገር ዛሬውኑ ማስተካከል እችላለሁ።

---

ላብራቶሪ ነኝ | ዓርብ፣ ማታ 5:25

በርሜሉን ክዳን አበጂለት፤ መቅጃው እጀታው ረጅም ይሁን፣ ለመቅዳት ብቻ ይሁን፣ አፍ አይንካው። ከተቻለ የመጠጡን ውሃ ለብቻው፣ ከታች ቧንቧ ባለው ጀሪካን አድርጊው፤ እጅም ኩባያም አይገባበትም። የሕፃኗን አፍልተሽ አቀዝቅዢው። ነጩ ነገር ቢዘቅጥ አትደንግጪ።

---

የድሬ ልጅ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:40

የማንቆርቆሪያውን ነገር ስለተሳሳትኩ ይቅርታ። እንደዛ ሲባል ነው የሰማሁት፣ ዕድሜዬን ሙሉ። ሐኪም፣ እኔም ከአራት ዓመት በፊት ይሄ የሦስት ዓይነት መድኃኒት ተሰጥቶኝ አፌን ሁሉ መራራ ስላደረገው በአምስተኛ ቀኔ ተውኩት። ሕመሙ ጠፍቶ ስለነበር ድኛለሁ አልኩ። አሁን ተመልሷል።

---

የልጆች ሐኪም | ቅዳሜ፣ ቀን 6:10

ያ መራራነት ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው የክላሪትሮማይሲኑ ነው፤ ሲጨርሱ ይጠፋል። በአምስተኛው ቀን የሚተው ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ሕመሙን ኦሜፕራዞሉ ቀድሞ ያስታግሰዋል። ባክቴሪያው ግን ይቀራል፤ የቀረውም መድኃኒቱን የለመደው ሊሆን ይችላል። ልጆችህም ያንን የለመደውን ሊይዙ ይችላሉ። ድጋሚ ስትታከም ድሮ የወሰድከውን ስም ይዘህ ሂድ፣ ሌላ ይመረጥልሃል። አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ነው፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። ከጨረስክ ከ4 ሳምንት በኋላ በሰገራ ወይም በትንፋሽ መጥፋቱን አረጋግጥ፤ በደም አይደለም። ከጎረቤት በተረፈ አሞክሳሲሊን መሞከርም ይቅር።

---

የሦስት ልጆች እናት | ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 3:30

የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

ልጄን የመንግሥት ሆስፒታል ወሰድኩት። ሰገራው ውስጥ ጃርዲያ ተገኘ፤ የባክቴሪያው አንቲጅንም ፖዘቲቭ ነው። ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ደሙ ደህና ነው፣ አልከሳም፣ ሌሊት አይነሳም፤ ስለዚህ የጃርዲያውን እናክመው፣ ባክቴሪያውን አሁን አንነካካውም፣ ሕመሙ ካልተወው እንደገና እናያለን አለችኝ። ከሳምንት በኋላ ጠዋት ላይ ራሱ ተነስቶ ቁርስ ጠየቀኝ። ፍርፍሩን ጠርጎ ሲበላ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ክሊኒክ የተጻፈልኝን መድኃኒት አልሰጠሁትም።

ባለቤቴ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። «ባጃጁን ማን ይነዳል» አለኝ። «የትንሿ አፍ እኮ ደረትህ ላይ ነው የሚያድረው» ብዬ ነገርኩት፤ ዝም አለ፣ በማግስቱ ሄደ። ፖዘቲቭ ነው። 14ቱን ቀን ጨርሷል፤ ካርቶኑ ላይ በየቀኑ ምልክት የምታደርገው የ3 ዓመቷ ናት። የማረጋገጫው ምርመራ አራት ሳምንቱ ሲሞላ ነው።

አማቴን እንደ ዘምዘም አደረግኩ። ትንሽ ድስትና ማንኪያ ገዝቼ አመጣሁና «እማማ፣ እኔ ሳበስለው ይጎረብጣታል፣ እርስዎ ይዩልኝ» አልኳቸው። ማንኪያውን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ። ከዚያ ምን አሉኝ? «እኔ እኮ ያኔ ለሕፃን ተብሎ ለብቻው የሚሠራ እህል የት ነበር? ከትልቁ ሰው ድርሻ ነው በጥርሴ የማካፍላቸው።» ከዚያ ወዲህ ድንቹን በሹካ ሲፈጩ ነው የማገኛቸው። በሽታ የሚል ቃል አልወጣኝም። አንድ ቀን እነግራቸው ይሆናል።

ለመጸዳጃው ስድስታችንም አዋጥተን በሩ አጠገብ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ውሃ ሞልተን ሰቅለናል፣ ሳሙናውን በካልሲ አድርገን አስረነዋል። የተሰበረው የግቢው ቧንቧ ግን ሁለት ጊዜ አመልክተን ገና አልተሠራም።

---

ዘምዘም ከሐረር | እሑድ፣ ማታ 4:02

አልሐምዱሊላህ! «በጥርሴ የማካፍላቸው» ያሉትን ለእናቴ አነበብኩላት። «እውነቷን ነው» ብላ ብዙ ዝም አለች። ሰላም በይልኝ እሳቸውን።

---

የድሬ ልጅ | እሑድ፣ ማታ 4:15

ቧንቧ ያለውን ጀሪካን ከየት ገዛሽው? እኔ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አጣሁ።

---

የሦስት ልጆች እናት | እሑድ፣ ማታ 4:31

የተዘጋጀ አትፈልግ። ቧንቧዋን ብቻ ታይዋን ገበያ ግዛና ጀሪካንህን ይዘህ ሂድ፣ እዚያው ይበሱልሃል። ጎማዋን ከውስጥ በኩልም እንዲያስገቡልህ ንገራቸው፤ የኔ መጀመሪያ ያንጠባጥብ ነበር።